ባለ ቦርሳው ወደ ቡሌ

ከዲላ መመለሴን የሰሙ የሰፈሬ ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቡና ይዘህልን መጣህ?» ብለው ነው። አልያዝኩም። አናናስም አቮካዶም አልያዝኩም። ይዤው የሄድኩትን አሮጌ ቦርሳ ይዤ ተመለስኩ። አምስት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ያስቀይማል፤ ስለዚህ ቢያንስ የሆነውን ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አብዛኞቻችሁ ከዲላ በላይ ተራራው ላይ ያለውን ቡሌን በዓይናችሁ አታዩትም። ካያችሁትም በእኔ ዓይነት ምክንያት አይሁን።

ለማያውቀኝ፣ ወጌሻ ነኝ። አባቴም ወጌሻ ነበር። ዛሬ ኮልፌ ቤቴ በረንዳ ላይ የወለቀ ክንድ እመልሳለሁ፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት አሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእግር ኳስ ቡድን ጋር ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ አንጠልጥዬ ሜዳ የምገባው፣ ተመልካቹ «ዶክተር፣ ሩጥ እንጂ!» እያለ የሚስቅብኝ ሰውዬ እኔ ነበርኩ።

የደወለችልኝ አስቴር ናት፤ የበራሶ እህት። በራሶን በእኛ ጊዜ ስታዲየም የገባ ሰው አይረሳውም። «ግድግዳው» የሚሉት የመሀል ተከላካይ ነበር። በኋላ አሰልጣኝ ሆነ፤ ተጫዋቾቹ «ኮች» ይሉታል።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ኩላሊቱ አልቋል» አለችኝ። «እጥበቱንም ተወው። አገሬ ውሰዱኝ ነው የሚለው። አገሩ ደግሞ ያለ እርስዎ አያስገባውም። የታሪኩ አባት ዛሬም ‹ቦርሳ የያዘው ሰውዬ ይምጣ› ነው የሚሉት። ቦርሳውንም ይዘው ይምጡ። ፊትዎን አያስታውሱትም፤ የሚያውቁት ቦርሳውን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በራሶ ዲላ ውስጥ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቡድን ዋና አሰልጣኝ ነበር፤ እኔም የእሱ ወጌሻ። ቡድኑ ዛሬ ፈርሷል። ታሪኩ የሚባል የግራ መስመር ተከላካይ ነበረን፤ የቡሌ ልጅ፣ ከበራሶ ቤተሰብ ጋር አጥር ለአጥር የሚዋሰን። ላለመውረድ በምንጫወትበት ጨዋታ አየር ላይ ከአንድ አጥቂ ጋር በጭንቅላት ተጋጨ። ሮጬ ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክኩ። «ግራ ዓይኔ አያይም» አለኝ። ሌላም ነገር ብሎኛል፤ እሱን በቦታው እጽፈዋለሁ። ቅያሪ ጨርሰናል፤ ልጁ ከወጣ በአሥር ሰው ልንጫወት ነው። በራሶ ከመስመሩ ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ «እንዴት ነው?» አለኝ። አውራ ጣቴን አነሳሁ። ልጁ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ፊሽካ ሲነፋ አስመለሰው፤ ሆስፒታል ሳንደርስ መኪና ውስጥ ሞተ።

የአገሩ ሰዎች ጌዴኦዎች፣ ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አላቸው። በራሶ እዚያ ቀርቦ «እኔ ነኝ አስነሳው ያልኩት፤ ወጌሻው የታዘዘውን ነው ያደረገው» አለ። ውሸት ነው፤ ለእኔ ብሎ የዋሸው። አባትየው ግን ጨዋታውን አጥር ተደግፈው ያዩ ነበርና «ቦርሳ የያዘ ሰውዬ ነበር፣ የልጄ አፍ ተንቀሳቅሷል፣ ያ ሰውዬ ካልመጣ ነገሩ አላለቀም» አሉ። ነገር ካላለቀ ደግሞ ሁለቱ ቤቶች እሳት አይጫጫሩም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፣ በራሶም ያን መንደር አይረግጥም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሜን ጠርቶ «እሱን አምጡት» አላለም። እኔም ኮልፌ ተቀምጬ አልሄድኩም። አሁን ሊሞት ነው፤ እናቱ አጠገብ መቀበር ይፈልጋል። የሄድኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ከቃሊቲ መናኸሪያ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ረዳቱ ቦርሳዬን ፖርቶ መጋላ ላይ ልስቀለው ብሎ ታገለኝ። «አባባ፣ ምን ይዘው ነው እንዲህ የሚሳሱለት?» አለኝ። ፋሻ፣ ቅባት፣ መቀስ፣ የደረቀ ፕላስተር። ከስድስት ዓመት ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበርና ምን እንዳለበት እኔም በትክክል አላውቅም። ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ።

እስከ ዝዋይ ድረስ ተኛሁ። ሻሸመኔ ለምሳ ወረድን፤ ጥብሱ ደህና ነበር፣ እንጀራው ግን የእኛን ሰፈር እንጀራ አስናፈቀኝ። ቦርሳውን አውቶቡሱ ውስጥ ወንበሬ ላይ ትቼው ስለነበር ከምሳ በኋላ ባዶ እጄን ሽንት ቤት ገባሁ። ስወጣ አውቶቡሱ የለም። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አይደለም፤ እፎይታ ነው። ቦርሳው ሄደ። ቦርሳ የሌለው ሰው ቦርሳ የያዘው ሰውዬ ሊሆን አይችልም። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና በዓይኔ መፈለግ ጀምሬ ነበር።

አንድ ባለ ባጃጅ ከሩቅ አይቶኝ ኖሮ «የዲላው ነው ያመለጠዎት? ይግቡ» አለና እየበረረ ወሰደኝ። አውቶቡሱ ከከተማው መውጫ ቆሞ አገኘነው። ከጎኔ ተቀምጣ የነበረች አንዲት የወናጎ ሴት ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ በሩ ላይ ቆማ ሾፌሩን «ሽማግሌው ሳይመጣ ወዴትም አትሄድም» ብላ አግታዋለች። ባለ ባጃጁም አመስግኜው ሳልጨርስ ዞሮ ሄደ። ሁለቱም ለደግነታቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ሁለቱንም ረግሜያቸዋለሁ።

ከሐዋሳ በኋላ አገሩ ይለወጣል። እኛ ሰፈር ዛፍ ቢኖር ማን ተከለው ይባላል፤ እዚያ ቤት ነው ከዛፍ መሀል ተፈልጎ የሚገኘው። እንሰቱ ከጣሪያ ይበልጣል፣ ቡናው ከእንሰቱ ስር ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልልቅ ዛፎች። መስኮት ከፍቼ ስተነፍስ ሳንባዬ ራሱ ግራ ገባው።

ዲላ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ያረፍኩት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቷ እትዬ አልማዝ ይባላሉ፤ ባላቸው ከወሎ በመምህርነት መጥተው እዚሁ ቀርተው ያረፉ ናቸው። ራት የቀረበልኝ ግድግዳው ላይ የቡድናችን ፎቶ በተሰቀለበት ክፍል ነው። በራሶ መሀል ቆሟል፣ ታሪኩ ከግራ አንደኛ፣ እኔ ከዳር ቁጢጥ ብዬ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌያለሁ። ያኔ ፀጉር ነበረኝ፤ ሆድ አልነበረኝም።

እትዬ አልማዝ ሽሮውን እያወረዱልኝ ወደ ፎቶው እንደማይ አዩና «ይሄኛው ልጅ ነው የሞተው» አሉኝ። «እዚህ ነበር የሚበሉት፣ ሁሉም። ይሄ ልጅ እንጀራ ሲበላ ለነገ የማይል ነበር።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ምስል አዙረው «ይሄን ግን ማን እንደሆነ አላስታውሰውም» አሉ። እኔም «እኔ ነኝ» አላልኳቸውም፤ ሽሮዬን በላሁ።

ሁለተኛው ቀን

በራሶ የሚኖረው አስቴር ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እንደገባሁ አላወቅኩትም። ፊቱ አብጧል፣ እግሮቹ አብጠዋል፣ የቆዳው ቀለም አመድ መስሏል። እነዚያን ጉልበቶች ለአሥራ አንድ ዓመት በእጄ አሽቻቸዋለሁ፤ የትኛው ጅማት የት እንዳለ ጨለማ ውስጥ አውቅ ነበር። አሁን በጣቴ ብጫነው ጎድጉዶ ይቀራል።

«ዶክተር፣ ወፈርክ እኮ» አለኝ። ቀልዱ አልቀረም።

እኔና እሱ የተዋወቅነው አዲስ አበባ ነው። ከቡሌ ትምህርት ቤት ውድድር ላይ ተመልምሎ ሲመጣ ጫማ ማሰር የማይወድ፣ አማርኛ የሚፈራ ወጣት ነበር። በሁለተኛው ዓመቱ ጨዋታ ላይ የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። ዳኛው ይውጣ አለ፣ አሰልጣኙ ይውጣ አለ። በራሶ «አጥብቀህ እሰርልኝ» አለኝ። አሰርኩለት። እስከ ፍጻሜው ተጫወተ፣ በዚያው በተሰበረው ወገን ዘልሎ ኳስ አወጣ፣ አሸነፍን። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የእሱ ፎቶ ወጣ፤ የእኔም እጅ ከነፋሻው ይታያል። ያ ፎቶ ለሁለታችንም እንጀራ ሆነን። እሱ «ግድግዳው» ተባለ፣ እኔ ሙት የሚያስነሳው ወጌሻ ተባልኩ። ከዚያ በኋላ በጉልበቱም በጎድኑም ብዙ ጊዜ ሸፋፍኜ አስገብቼዋለሁ። ጉልበቱ በመጨረሻ እምቢ ሲል ረዳት አሰልጣኝ ሆነ፤ ከዚያ ይሄኛው ድርጅት ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ወደ አገሩ አመጣው። እሱም «ዶክተር ከሌለ አልመጣም» ብሎ እኔን አስከተለ። ወደ ሜዳ ከመግባታችን በፊት ለልጆቹ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላቸው ነበር፤ «በቃሬዛ የሚወጣ ሬሳ ብቻ ነው።» ልጆቹ ያጨበጭቡ ነበር። እኔም አጨበጭብ ነበር።

አስቴር ሻይ አምጥታልን ወጣች። በራሶ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«ነገ ዝናቡ ከፈቀደ እንወጣለን። ሶንጎው ላይ እንዳታበዛው» አለኝ። «‹በራሶ አስነሳው ብሎኝ ነው› በል፣ በቃ። እኔ ያኔ ካልኩት ጋር ይገጥማል። ሽማግሌው ቦርሳውን ያዩታል፣ ያበቃል።»

«አላልከኝም እኮ።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም እንደዚያ በል። አንተ ወደ ልጆችህ ትመለሳለህ። እኔ የት እመለሳለሁ?»

እሱ ተከላካይ ነው፤ ሌላ ሰው ያበላሸውን ኳስ ከመስመር ላይ ማውጣት ለምዶበታል። እኔ ደግሞ ሰው ሲከላከልልኝ ለምጃለሁ። ስድስት ዓመት አንዲት ስልክ ያልደወልኩለት ሰውዬ አሁንም ሊሸፍነኝ ትራሱ ላይ ይታገላል። አፈርኩ። ማፈሬ ግን «አይ፣ እውነቱን ነው የምናገረው» አላሰኘኝም። «እሺ» ነው ያልኩት።

እናቱ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቀብሯ ላይ አልነበረም። ከመንደሩ ትይዩ ካለው ጋራ ላይ ቆሞ፣ አፈር ሲመልሱባት ከሩቅ እንዳየ ያን ቀን ነገረኝ። ሰዎቹ ጉንዳን ያክሉ ነበር አለ፤ ማን የትኛው እንደሆነ ግን በአካሄዳቸው ለይቷቸዋል።

ሦስተኛው ቀን

ዝናቡ አልፈቀደም። ሲነጋ ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። የተከራየነው ፒካፕ ሾፌር መጥቶ ሰማዩን አየና «ዛሬ ቡሌ ከወጣን የምንመለሰው በዘመድ ትከሻ ነው» ብሎ ሄደ። እኔ ደግሞ እፎይ አልኩ፤ በዚህ ጉዞ ስንት ጊዜ እፎይ እንዳልኩ ስቆጥረው ያሳፍረኛል።

እትዬ አልማዝ ሸሚዜ ከመንገድ ጭቃ ጋር አንድ ሆኖ ሲያዩ ነጥቀውኝ አጠቡት፤ ምድጃ አጠገብ አደረቁት። ቡሌ ልወጣ መሆኔን ሲሰሙ የባላቸውን ጋቢ ከሳጥን አወጡ። «እዚያ ላይ ብርዱ የእናንተ እንጦጦ አይደለም። ሲመለሱ ያመጡልኛል» አሉ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ብነግራቸው ጋቢውን ይሰጡኝ ነበር ወይ እያልኩ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ።

ከሰዓት ሲያባራ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ባለ ባጃጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ይነዳል። ኳስ ላይ ወሬ ስጀምርለት «እማማን ያውቋታል?» አለኝ።

«የቷ እማማ?»

«ኮች በራሶ ናቸዋ። ከቡድኑ ከተባረሩ በኋላ የእኛን ሰፈር ልጆች በነጻ ያሰለጥኑ ነበር። እኔም ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ፋዘር፣ ልጅ ከወደቀ አለቀ፤ ያወጡታል። ጉልበቱ ቢጫር፣ ያወጡታል። ጭንቅላቱን በእጁ ከነካ እንዲያው ጭራሽ እስከ ቤቱ ይሸኙታል። በስድስት ሰው የጨረስነው ጨዋታ አለ፣ ሲሪየስሊ። ‹እማማ› አልናቸው። እኛ እንስቅ ነበር፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር።»

ሜዳውን አሳየኝ። ጎሉ ባሕር ዛፍ ነው፣ አንዱ ቋሚ ዘሟል፤ ውሃ ተኝቶበታል። ታላላቅ ስታዲየሞች ላይ የቆመ ተከላካይ የሥራ ዘመኑን የጨረሰው እዚህ ነው። ስለሱ ብዙ ከምጽፍ ዝም ማለቱ ይሻለኛል።

አራተኛው ቀን

ፒካፑ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን በራሶን አስተኛነው። አስቴር ራሱን ጭኗ ላይ ይዛለች። ከዲላ ሽቅብ ሲወጣ ቡናው ያልቃል፤ እንሰቱ ይቀራል፣ ገብስና ቀርከሃ ይመጣል። ጉም መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። እዚህ ሲደርሱ ሰው ሁሉ በእግሩ ነው፤ ሸክም በጀርባ፣ ዱላ በእጅ። አዲስ አበባ ታክሲ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ የምናነሳው ጩኸት ትዝ አለኝ።

ከመንደሩ በታች ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል። ሾፌሩ ሞተር አጠፋ። የበራሶ ዘመዶች አራት ሆነው የቀርከሃ ቃሬዛ ይዘው ወርደው ይጠብቁን ነበር። በራሶ ቃሬዛውን ሲያይ «አልወጣም» አለ። «በእግሬ ነው የምገባው።» ደግፈን አቆምነው። ሰባት ወይም ስምንት እርምጃ ሄደ፤ ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈና ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ራሱ ነው በመጨረሻ እጁን ወደ ቃሬዛው የዘረጋው።

ሶንጎው የመንደሩ መግቢያ ላይ፣ ትልቅ ዛፍ ስር ነው። ሽማግሌዎቹ ቡሉኮ ለብሰው፣ ዱላቸውን አጋድመው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ቃሬዛውን ከእነሱ ፊት አስቀመጡት። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከጎኔ ተቀምጠው እንዲያስተረጉሙልኝ ተመደቡ። «እዚህ የሚናገረውን ሰው የሚያቋርጠው የለም» አሉኝ በሹክሹክታ። «እርስዎም ‹ጨረስኩ› እስኪሉ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ ሳይጨርሱ ጨረስኩ አይበሉ።»

ትልቁ ሽማግሌ መርቀው ቦርሳው መሀል እንዲቀመጥ አዘዙ። አስቀመጥኩት። የታሪኩ አባት አቶ ሮባ ተነሱ። አጭር ሰው ናቸው፤ ጺማቸው ሸብቷል፣ እግራቸው ጭቃ ነው፣ ከእርሻ መጥተዋል። ቦርሳውን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ማንጠልጠያውን ነኩት።

«ይሄ ነው» አሉ በአማርኛ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። ከዚያ ቀና አሉ። «አንተ ሰውዬ። ልጄ ወደቀ። አንተ መጣህ፣ ቁጭ አልክ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔ አጥር ጋ ነበርኩ፣ አልሰማሁም። ምን አለህ?»

ሌላ አልጠየቁኝም። ማን አስነሳው፣ ጥፋቱ የማን ነው፣ አላሉኝም።

በራሶን አየሁት። ዓይኑን ሳይነቅል እያየኝ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ያስጠናኝን እንድለው ይጠብቃል። «በራሶ አስነሳው ብሎኝ ነው» ለማለት አፌን ከፈትኩ። አባትየው ግን የጠየቁኝ ያን አይደለም። ለጠየቁኝ ጥያቄ ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለበራሶም ነግሬው አላውቅም።

«‹ግራ ዓይኔ አያይም› አለኝ» አልኩ። «ያስቀረችኝ ቃል እሷ ብቻ ብትሆን ድሮ በመጣሁ። ቀጥሎ እጄን ያዘኝና ‹ለኮች አትንገርብኝ፣ ፈሪ ይለኛል› አለኝ። እኔም አልነገርኩም። በራሶ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ደህና ነው ብዬ አውራ ጣቴን አነሳሁ። አስነሳው አላለኝም። እስከዛሬ የነገራችሁ እኔን ለመሸፈን ነው። ልጁ እንደማያይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

«ዶክተር…» አለ በራሶ ከቃሬዛው ላይ። ሽማግሌው ዱላቸውን ከፍ አደረጉ፤ ዝም አለ።

«ጨረስኩ» አልኩ።

መምህሩ ወደ ጌዴኦኛ መለሱት። በራሶ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ያ ልጅ መሬት ላይ ተኝቶ የፈራው ሞትን ሳይሆን እሱን እንደነበር የሰማው አሁን ነው። ያሰማሁት እኔ ነኝ፤ ሊሞት ቀናት ሲቀሩት።

አቶ ሮባ ወደ ቃሬዛው ሄደው፣ ቁጢጥ ብለው፣ ጋቢውን ከፊቱ ላይ ቀስ ብለው ገለጡና በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቁት። መምህሩ በጆሮዬ «‹ቢነግርህ ኖሮ ፈሪ ትለው ነበር ወይ?› ነው ያሉት» አሉኝ።

በራሶ ጉሙን አየ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ «በፍጹም» ነው የሚለው። ማንም አያጣራበትም፤ ልጁ የለም፣ እሱም ነገ የለም። አስቴር ከሴቶቹ ጋር ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በመጨረሻ አጭር ነገር ተናገረ።

«‹እለው ነበር› አለ» አሉኝ መምህሩ።

አቶ ሮባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ የተቆጣ ሰው መነቅነቅ አልነበረም፤ የተነገረውን ተቀበልኩ ማለት ነበር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ትንሽ ተናገሩ፤ ትልቁ ሽማግሌ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭተው ለሁለቱም ሰጧቸው። በቃ፣ አለቀ። መምህሩ ሲያስረዱኝ ስድስት ዓመት ነገሩ ያልተዘጋው እኔ ስላልመጣሁ ብቻ አይደለም። በራሶ ያኔ ሁሉንም ጥፋት የራሱ አድርጎ ሲናገር ሽማግሌዎቹ እውነቱ ይሄ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል፤ ደግ ውሸትም ቢሆን በውሸት ላይ ሣር አይነጩም። ከበራሶ የጎደለችው ግን ያቺ «እለው ነበር» የምትል አንዲት ቃል ነበረች፤ እኔ እስክናገር ድረስ ደግሞ እሷን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

ቤቱ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ በአቶ ሮባ አጥር ሥር ያልፋል። ዘመዶቹ ቃሬዛውን ሊያነሱ ሲያጎነብሱ አቶ ሮባ አንዱን ገለል አድርገው የፊተኛውን ቀርከሃ ትከሻቸው ላይ አደረጉ። እኔም ከኋላ ያለውን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ። አቶ ሮባ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ።

«አንተ ቦርሳህን ያዝ» አሉኝ።

ቦርሳዬን አንስቼ ከኋላ ተከተልኩ።

ማታ ሳይሆን ገና ቀኑ ሳይመሽ፣ የበራሶ ወንድም ቤት ዋሳና ጎመን አቀረቡልን። ዋሳ የእኛ ቆጮ ነው፤ አዲስ አበባ ከክትፎ ጋር ለስሙ የምንቀምሰው፣ እዚያ ግን ራሱ ምግቡ ነው። ትኩስ ነበር፤ አንድ ጉርሻ ዋጥኩ። ያኔ አንዲት ሴት በገል ፍም ይዛ ገባች። ከታሪኩ ቤት ነው፤ እናቱ ናት። ፍሙን ምድጃው ላይ ገለበጠችው፣ ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት፣ እስኪያያዝ ጠበቀች። በራሶ እሳቱን እያየ ነበር። ሴትዮዋ ስትወጣ በእኔ በኩል አለፈች፤ አላየችኝም፤ ወይም ማየት አልፈለገችም። ምንም ብትል ይቀለኝ ነበር።

ሳይመሽ ወደ ዲላ ልወርድ ስሰናበተው በራሶ እጄን ያዘ። «ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

«እንዳይከፋህ ብዬ።»

«ይከፋኝ ነበር» አለ። «ግን የምክስበት ስድስት ዓመት ይኖረኝ ነበር።» ወደ ግድግዳው ዞረ።

አምስተኛው ቀን

ጋቢውን ለእትዬ አልማዝ መለስኩ። ገንፎ ሠርተው ሳልበላ አልለቅም አሉኝ። ልወጣ ስል ፎቶው ጋ ሄጄ ከዳር ያለው ቁጢጥ ያለው ሰውዬ እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ። «አይ፣ መክሳት እንጂ መወፈር አልነበረበትም እንዲህ ያለ ሰው» አሉ፤ እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ ግን አልሳቁም። እስከ መናኸሪያው ድረስ ግን ሸኙኝ።

የመልሱ መንገድ ምንም አልነበረበትም። ጎማ አልፈነዳም፣ አልተረሳሁም። ሻሸመኔ ላይ ቦርሳውን ይዤ ወረድኩ፣ ይዤ ወጣሁ። ኮልፌ ስደርስ ገና ብርሃን ነበር፤ በረንዳዬ ላይ እጁ የወለቀ አንድ ግንበኛ ይጠብቀኝ ነበር። መለስኩለት። ሲጮህ «ጩኽ፣ አትፈር» አልኩት፤ ከዚህ በፊት ለማንም ብዬ የማላውቀውን።

ለጉዞው ከተነሳሁ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አስቴር ደወለች። በራሶ አርፏል። «ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው፣ ይደርሳሉ» አለችኝ። መድረስ እችል ነበር፤ መንገዱን አሁን አውቀዋለሁ፣ አንድ ቀን ነው። ቦርሳውን ከተሰቀለበት አወረድኩት። አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፣ ከእሷ በኋላ ሌላ መጣ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ያን ቀን በሽተኛ በዛ። ማታ መልሼ ሰቀልኩት።

ከቀብሩ በኋላ አስቴር እንደገና ደወለች። እናቱ አጠገብ ነው የተቀበረው። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ አቶ ሮባ ናቸው። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ቀና ብለው በሰዉ መሀል ሲፈልጉ እንደቆዩና በመጨረሻ እሷን «ባለ ቦርሳው መጥቷል?» ብለው እንደጠየቋት ነገረችኝ።

አልሄድኩም ነበር።